ፊልሙ የማን ነው?



በእኛ ቤት ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ሪሞቱ የእናቴ ነው። ወደ አማርኛ ከተመለሱት የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች አንድም ክፍል አያመልጣትም፤ መብራት ካልጠፋ በቀር ከመቀመጫዋ የሚያስነሳት የለም። ባለፈው ሳምንት ዋናዋ ተዋናይት ስታለቅስ እናቴም አብራት ስታለቅስ ቆየችና፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ "ለመሆኑ ይቺ ልጅ በዚህ ሁሉ ለቅሶ ስንት ብር አግኝታ ይሆን?" አለች።

ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና "ስምንት ሚሊዮን ዶላር ይላል፣ እማማ" ብላ መለሰች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ "ቆይ፣ ሌላው ጋ ሦስት ሚሊዮን ነው የሚለው" አለች።

"እንግዲያ አምስቱን ሚሊዮን ማን በላው?" አለች እናቴ።

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቄን ጨርሼም ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። እነዚህ በየስልኩ የሚነበቡ የዝነኞች ሀብት ቁጥሮች ግምት ናቸው። የሴትዮዋን የባንክ ደብተር ያየ፣ ዕዳዋን የቆጠረ፣ ግብሯን ያሰላ ሰው አይደለም የሚጽፋቸው። ልጆቻችን ግን እንደ ፈተና ውጤት አምነው ይቀበሏቸዋል። "ተዋናይ ከሆንኩ ይህን ያህል አገኛለሁ" ይላሉ። ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ማን ኪስ ውስጥ እንደሚቀር የሚነግራቸው የለም።

ለእኔ ነገሩ የሰው ወሬ ብቻ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማስታወቂያ ሠሪ ድርጅት ልጄን በትምህርት ቤቷ የድራማ ክበብ ውስጥ አይቶ ለአንድ ምርት ማስታወቂያ መርጧት ነበር። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስትቀረጽ ዋለች፤ ስምንት ሺህ ብር ተከፈለን። እኔም ደስታው አሳውሮኝ የቀረበልኝን ወረቀት በቅጡ ሳላነብ ፈረምኩ። ሦስት ወር ታይቶ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ዓመት ተኩል ሙሉ ታየ። ቀጥሎ ፊቷ መንገድ ዳር በተሰቀለ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ወጣ፣ ከዚያም ዕቃው መጠቅለያ ላይ ታተመ። ሄጄ ስጠይቅ አንድ ትሁት ወጣት ሦስተኛውን ገጽ ገልጦ አሳየኝ። "በማንኛውም ጊዜና በማንኛውም መንገድ" የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ የእኔው ፊርማ። ቡና ጋብዘው ሸኙኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥሪ መጥቷል። ተከታታይ ድራማ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የምትቀረጸው ይላሉ። ዘንድሮ የሚኒስትሪ ፈተና አለባት። ባለቤቴ "ከፈተናው በፊት አይታሰብም" ብላ ቆርጣለች። እናቴ "የልጅቷን እድል አትዝጉባት" እያለች ጠዋት ማታ ትጨቀጭቃለች። እኔ መሐል ቤት ሆኜ ስለ ሦስተኛው ገጽ አስባለሁ። ሰሞኑን የአንዲት የጥንት ተዋናይት ሕይወት ሳገላብጥ የከረምኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሉሲል ቦል ትባላለች። ሕዝቡ የሚያውቃት ሉሲ ብሎ ነው (የኛዋ ድንቅነሽ ትዝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የስም መገጣጠም ነው)። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ታሪክ ከሷ በላይ የታየች ሴት ማግኘት ይቸግራል። እኔን የሳበኝ ግን አንድም ሀብቷ የመጣበት መንገድ፣ ሁለትም አስተዳደጓ ነው። የአያት ልጅ ነበረች። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው ኦገስት 6 ቀን 1911 በኒውዮርክ ግዛት ጄምስታውን በምትባል ከተማ ነው። አባቷ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። እሷ ገና ሦስት ዓመቷ ሳለ፣ በ1915፣ በታይፎይድ ሞተ። እናቷ ያን ጊዜ ሁለተኛ ልጇን ነፍሰ ጡር ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናትየዋ ሌላ ባል አገባች፤ ባልና ሚስቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ትንሿ ሉሲል ከእንጀራ አባቷ ወላጆች ዘንድ ቀረች።

እነዚህ ሰዎች ጥብቅ ሃይማኖተኞች ነበሩ። ከመታጠቢያው በላይ ከተሰቀለችው አንዲት መስታወት በቀር በቤታቸው ውስጥ መስታወት የሚባል ነገር አልነበረም። ልጅቷ አንድ ቀን በዚያች መስታወት ራሷን ስታይ ተገኘችና ክፉኛ ተቆጧት። አንድ ልጅ መልኩን ስላየ የሚቀጣበት ቤት! ግን ቶሎ አልፈርድም። እኛስ "መስታወት ላይ ተተክላ ዋለች" እያልን ስንቱን ልጅ አሸማቀናል? ሰዎቹ በራሳቸው ዓይን ልጅቷን ከትዕቢት እየጠበቋት ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናት ወደ እናቷ አባት ቤት ሴሎሮን ወደምትባል የሐይቅ ዳር መንደር ተዛወረች። አያቷ ፍሬድ ሀንት ይባላሉ። የእንጨት ሥራ የሚያውቁ፣ ለሠራተኛው መብት ተከራካሪ፣ በእምነታቸው ሶሻሊስት፣ ለልጅ ደግሞ ልባቸው የማይችል ሰው ነበሩ። ትርዒት ይወዳሉ። የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው የሙዚቃና የቀልድ ትርዒት ወደሚቀርብበት ቦታ ይወስዷቸው ነበር። ሉሲል በትምህርት ቤት ቲያትር ስትሠራም "በርቺ" የሚሏት እሳቸው ነበሩ። አንደኛው ቤት መስታወት የከለከላትን ልጅ ሌላው ቤት መድረክ ላይ አወጣት። ሁለቱም አያቶች ናቸው።

ሆኖም የአያት ፍቅርም ጥፋት አያጣውም። በ1927 በጋ አያትየው ለወንድ ልጅ ልጃቸው ለልደቱ ስጦታ ጠመንጃ ገዙ። ባለ 22 ካሊበር የምትባለዋ ትንሿ ጠመንጃ ናት። ጓሮ ውስጥ ዒላማ ተክለው ልጆቹን አጠገባቸው ቆመው ያለማምዷቸው ጀመር። የጎረቤት ልጅ፣ የስምንት ዓመት ሕፃን፣ ለማየት መጥቶ ነበር። ከልጆቹ አንዷ ስትተኩስ ሕፃኑ በጥይቱ መንገድ ገባ፤ ጥይቷ አከርካሪውን መታችው። ልጁ ሽባ ሆነ። ቤተሰቡ ከሰሰ፣ ሽማግሌው ተፈረደባቸው፣ ቤታቸውንም አጡ። የሉሲል ቤተሰብ ተበተነ። አያትየው ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ሰው አልሆኑም። እኔ ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ መጽሐፉን ከድኜ ተቀመጥኩ። የሽማግሌው ኀዘን ይሁን የዚያ ሕፃን እናት፣ የትኛው እንደከበደኝ አላውቅም።

ከዚያ አደጋ ጥቂት ቀደም ብሎ እናቷ አንድ ደፋር ነገር አድርጋ ነበር። ሉሲል ገና በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመቷ ከሷ በብዙ የሚበልጥ የሰፈር ጎረምሳ ወዳ አስቸግራ ነበር። እናትየው ተቆጥታም፣ ዘግታባትም አልሆነላትም። "ቲያትር ትወጃለሽ አይደል? እንግዲያ ሂጂ" ብላ፣ የሌላትን ገንዘብ አፈላልጋ፣ ኒውዮርክ ከተማ ወደሚገኝ የድራማ ትምህርት ቤት ላከቻት። ልጅን ከክፉ ለማራቅ የሚወደውን ነገር መጠቀም ብልሃት ነው። ትምህርቱ ግን አልሆነላትም። የክፍሉ ኮከብ ቤቲ ዴቪስ ነበረች፤ ኋላ የታወቀችው የፊልም ተዋናይት። ሉሲል በመድረክ ላይ አፏ ይተሳሰራል። ትምህርት ቤቱ ለእናቷ ጊዜና ገንዘብ እያባከኑ ነው የሚል ደብዳቤ ጻፈ። እዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር መፍራት ብቻ ነው ብላ ኋላ ተናግራለች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሃያ ዓመት በአጭሩ ይህን ይመስላል። ኒውዮርክ ተመልሳ የልብስ ሞዴል ሆነች፣ ታመመች፣ አገር ቤት ገብታ አገገመች፣ እንደገና ሄደች። በ1933 ለአንድ ፊልም ከጀርባ ከሚቆሙት ቆነጃጅት አንዷ ሆና ሆሊውድ ገባች። በአርኬኦ ስቱዲዮ ተቀጥራ በትናንሽ ፊልሞች ላይ ሠራች። ገንዘብ መያዝ ስትጀምር የመጀመሪያ ሥራዋ እናቷን፣ ወንድሟንና አያቷን ወደ ካሊፎርኒያ አምጥታ አንድ ቤት ውስጥ ማኖር ነበር። ስሟ ይታወቅ ነበር፤ ኮከብ ግን አልሆነችም። አርባ ዓመት ሊሞላት ሲል በፊልሙ ዓለም ሚዛን ጊዜዋ እያለፈ ነበር።

በ1940 ዴሲ አርናዝ የሚባል ከኩባ የመጣ ሙዚቀኛ አገባች። ስድስት ዓመት ታንሰዋለች ብላችሁ እንዳትገምቱ፤ ስድስት ዓመት ትበልጠዋለች። የሰውዬው አባት የሳንቲያጎ ከተማ ከንቲባ ነበሩ። በ1933ቱ አብዮት ንብረታቸው ተወርሶ ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ልጁ ማያሚ ውስጥ የወፍ ጎጆ እያጸዳ ኖሯል። እሷ ሆሊውድ ፊልም ስትሠራ እሱ ባንዱን ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል። ትዳሩ በስልክ የሚኖር ትዳር ነበር። ልጅ ቢፈልጉም እርግዝናዋ እየወረደ ተቸገሩ።

እንግዲህ የሀብቱ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሚጀምረውም ገንዘብ ፍለጋ ሳይሆን ባልን ቤት ለማስቀመጥ በተደረገ ሙከራ ነው።

ከ1948 ጀምሮ ሉሲል በሲቢኤስ ሬዲዮ አንድ የባልና ሚስት ቀልድ ትሠራ ነበር። ጣቢያው ይህንኑ ወደ ቴሌቪዥን እናምጣው አላት። "ባሌን ባሌ አድርጋችሁ ከሆነ እሺ" አለች። አለቆቹ አቅማሙ። አነጋገሩ የኩባ ሰው ነው፤ ሕዝቡ እንዲህ ያለ ባልና ሚስት አይቀበልም አሉ። ባልና ሚስቱ አልተከራከሩም። በ1950 የራሳቸውን ትርዒት አዘጋጅተው በየከተማው ይዘው ዞሩ። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ። አለቆቹ ዝም አሉ።

ቀጥሎ ሌላ ክርክር መጣ። ያን ጊዜ የቴሌቪዥን ዝግጅት በአብዛኛው ከኒውዮርክ በቀጥታ ይተላለፋል። በሌላው ዳርቻ ያለው ሕዝብ የሚያየው ከቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ በፊልም ካሜራ የተቀዳ ብዥ ያለ ቅጂ ነበር፤ ኪኔስኮፕ ይሉታል። ስፖንሰሩ የሲጋራ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ ነው፤ ብዙው ደንበኛዬ ምሥራቅ ስለሆነ ኒውዮርክ መጥታችሁ ሥሩ አለ። እነሱ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ያለው ቤታቸውን መልቀቅ አልፈለጉም። ሉሲል ከስንት ዓመት ምኞት በኋላ አርግዛለች። "እንግዲያ እዚሁ ሆነን እንደ ሲኒማ በጥሩ ፊልም እንቅረጸው፤ ሁሉም እኩል አጥርቶ ያያል" አሉ። ፊልም ደግሞ ውድ ነው። ጣቢያውና ስፖንሰሩ ወጪው በዛብን አሉ።

ዴሲ አርናዝ ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ደመወዛችንን በሳምንት 1,000 ዶላር ያህል ቀንሱ፤ በምትኩ ፊልሞቹ የእኛ ይሁኑ።

ሰዎቹ ሳያመነቱ ተስማሙ። ለምን ያመነታሉ? አንድ ጊዜ የታየ ዝግጅትን ማን መልሶ ያየዋል? እንደ ትናንት ጋዜጣ ነው ብለው ነበር። (እንደ ጋዜጠኛ ይህች ንጽጽር ትንሽ ታመኛለች።) ባልና ሚስቱ ከሁለቱም ስም ቆራርጠው ዴሲሉ ብለው በሰየሙት ኩባንያ ሥራ ጀመሩ። ካርል ፍሮይንድ የተባለውን የታወቀ የሲኒማ ካሜራ ባለሙያ አመጡ። ከአንድ ካሜራ ይልቅ ሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ እየቀረጸ፣ ሦስት መቶ ያህል ተመልካች ፊት ለፊት ተቀምጦ እየሳቀ፣ እንደ ቲያትር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሠራበትን ዘዴ አሰናዱ። የቴሌቪዥን ኮሜዲ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ሴት ልጃቸው ጁላይ 17 ቀን 1951 ተወለደች፤ እናቷ አርባ ሊሞላት ሃያ ቀን ሲቀራት። "አይ ላቭ ሉሲ" ኦክቶበር 15 ቀን መታየት ጀመረ። ስሙ "ሉሲን እወዳታለሁ" እንደማለት ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ባልየው ሙዚቀኛ፣ ሚስትየው መድረክ ላይ ካልወጣሁ የምትል የቤት እመቤት፣ አከራዮቻቸው ደግሞ ጎረቤት የሆኑ ባልና ሚስት። በየሳምንቱ አንድ ነገር ታበላሻለች። በአንደኛው ክፍል ከጓደኛዋ ጋር ቸኮላታ ፋብሪካ ትቀጠርና ማሽኑ ሲፈጥንባቸው ቸኮላታውን አፋቸው፣ ቆባቸውና ደረታቸው ውስጥ ይወሽቁታል። እኛ ቤት ልጄ ይህንን ፈልጋ አሳየችን። እናቴ አንድም ቃል እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ከሳቅ ብዛት ሆዷን ያዘች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በተለይ ለአያቶች። የሉሲል እናት በየቀረጻው ተመልካቾች መሐል ትቀመጥ ነበር። ልጅቷ ችግር ውስጥ ልትገባ ስትል እናት አስቀድማ "ኧረ!" እንደማለት ያለች ድምፅ ታሰማለች። ያች ድምፅ ፊልሙ ላይ ተቀድታ ቀርታለች፤ እናትየው በ1977 ከሞተች በኋላም ትሰማለች። ስንቶቻችን የእናታችን ድምፅ ተቀርጾ አለን?

በሁለተኛው ዓመት ሉሲል እንደገና አረገዘች። ነፍሰ ጡር ሴት በቴሌቪዥን ማሳየት ነውር በነበረበት ዘመን እርግዝናዋን የታሪኩ አካል አደረጉት። "ነፍሰ ጡር" የሚለው ቃል እንኳ አይነገርም ተባለ፤ "ልጅ እየጠበቀች ነው" ብቻ። ጽሑፉን አንድ የካቶሊክ ቄስ፣ አንድ የፕሮቴስታንት ፓስተርና አንድ የአይሁድ ረቢ እያነበቡ ያጸድቁት ነበር። ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 ልጇን በቀዶ ሕክምና ወለደች፤ በዚያው ምሽት ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ያለችው ሉሲ ወለደች። 44 ሚሊዮን ያህል ሰው አይቷል ይባላል። በማግስቱ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ያየው 29 ሚሊዮን ያህል ነበር። ሕፃኑ ሦስት ወር ሳይሞላው የአንድ አዲስ የቴሌቪዥን መጽሔት የመጀመሪያ እትም ሽፋን ላይ ወጣ፤ "የሉሲ የ50 ሚሊዮን ዶላር ልጅ" ተብሎ። ገና ጥርስ ያላወጣ ልጅ ዋጋ ተለጠፈበት። ስለ ልጄ ፊትና ስለ ዕቃ መጠቅለያው ያሰብኩት እዚህ ላይ ስደርስ ነው።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ ደግሞ አያቷ ከመቃብር መጡ። ዘመኑ አሜሪካ ኮሚኒስት እያለች ሰው የምታሳድድበት ነው፤ ስማቸው የተጠራ ተዋንያን ሥራ አጥተው ይቀራሉ። የምክር ቤቱ መርማሪዎች ሉሲል በ1936 መራጭ ሆና ስትመዘገብ ለኮሚኒስት ፓርቲ እንደተመዘገበች የሚያሳይ ወረቀት አገኙ። እሷ፣ እናቷና ወንድሟ አብረው ነው የፈረሙት። ሴፕቴምበር 1953 ተጠርታ ስትጠየቅ መልሷ አንድ ነበር። አያቴን ለማስደሰት ነው አለች። ሽማግሌው በ1944 ሞተዋል። ሁሉን ያጡ፣ በዚያ ጠመንጃ የተነሳ የተሰበሩ ሰው ናቸው፤ ቤተሰቡ ደስ ይበላቸው ብሎ የጠየቁትን ፈረመ። ይህች የፍቅር ፊርማ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ የልጅ ልጃቸውን እንጀራ ልታሳጣት ደረሰች።

ወሬው ጋዜጣ ላይ በወጣበት ዕለት ማታ ቀረጻ ነበር። ዴሲ ተመልካቹ ፊት ወጥቶ ሚስቱ ኮሚኒስት እንዳልነበረች ተናገረ። ቀይ የሚባል ነገር ካላት ጸጉሯ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የራሷ አይደለም ብሎ ቀለደ። (ጸጉሯ በቀለም ነበር።) ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። መርማሪዎቹም ተዋት። ብዙዎች እንዲህ አልቀናቸውም፤ እነሱ በየሳምንቱ 40 ሚሊዮን ሰው የሚወዳቸው አልነበሩም።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ማንም መልሶ አያየውም የተባለው ፊልም ተደጋግሞ ታየ፤ ሰው አልጠገበም። ከ180 የማያንሱ ክፍሎች ተሠርተው ነበርና ሲቢኤስ ራሱ በአንድ ወቅት የሰጠውን መብት ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ባልና ሚስቱ ከሌላ ገንዘብ ጋር ጨምረው በ6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አርኬኦ ስቱዲዮን ገዙ። ሉሲል በወጣትነቷ ተቀጥራ ትሠራበት የነበረውን ማለት ነው! ይህን የሚያነብ ሁሉ ያጨበጭባል፤ እኔም አጨበጨብኩ። ቆይቶ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ሲቢኤስ በዚያ ገንዘብ የገዛው ዝግጅት እስከ ዛሬ ይታያል፤ እስከ ዛሬም ገንዘብ ያመጣል። ላሟን ሸጠው በረቱን ገዙ ማለት ነው? ጓደኛዬ የሒሳብ ሰው ነው፤ "ስቱዲዮ ባይገዙ ኩባንያው አያድግም ነበር" ይለኛል። አልተግባባንም።

ትዳሩ ግን እንደ ኩባንያው አላደገም። ዴሲ መጠጥ አበዛ፤ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ። አብረው ለመሆን ብለው የጀመሩት ሥራ ከቀን ወደ ቀን የሚያጣላቸው ሆነ። ልጆቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩዋቸው ሞግዚቶችና አያታቸው ነበሩ። የመጨረሻውን ክፍል በማርች 1960 ቀርጸው በጨረሱ ማግስት ሉሲል የፍቺ ማመልከቻ አስገባች። በቴሌቪዥን ሲሳሳሙ ያየው ሕዝብ ለረጅም ጊዜ አላመነም።

በ1962 የቀድሞ ባሏን ድርሻ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍላ ገዛችው። ለዚህም ተበድራለች። ከዚያ በኋላ ታላቅ የቴሌቪዥን ስቱዲዮን ብቻዋን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ወንበሩን አልወደደችውም ይባላል፤ ካሜራ ፊት መውደቅና መነሳት ይሻላት ነበር። ግን የሒሳብ መዝገቡን እያነበበች ትወስን ነበር። "ስታር ትሬክ" የሚባል የጠፈር ታሪክ ሲቀርብ የቦርዱ አባላት ወጪው ኩባንያውን ይጥለዋል ብለው ፈሩ፤ እሷ ይሠራ አለች። በ1966 "ስታር ትሬክ" እና "ሚሽን ኢምፖሲብል" ሁለቱም ከዴሲሉ ወጡ። በማግስቱ ዓመት ኩባንያውን ገልፍ ኤንድ ዌስተርን ለተባለ ድርጅት በ17 ሚሊዮን ዶላር ሸጠችው። ሁለቱ ድራማዎች ከዚያ በኋላ ያመጡት እጅግ ብዙ ገንዘብ የሌላ ሰው ሆነ።

ከሽያጩ በኋላ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ በአዲስ ዝግጅት ቀረበች፤ ዝግጅቱ እስከ 1974 ቀጠለ። ልጆቿን በቅርብ የማየት መንገዷ ይኸው ነበር፤ ሥራ ቦታ። በ1986 በ75 ዓመቷ አንድ የመጨረሻ ሙከራ አደረገች። አያት ሆና የምትሠራበት ኮሜዲ ነበር። ሕዝቡ አላየውም፤ በሁለት ወር ገደማ ተቋረጠ። በጣም አዘነች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 2 ዴሲ ሞተ። ከቀናት በኋላ እሷ በዋሽንግተን ታላቁን የኬኔዲ ማዕከል ሽልማት ስትቀበል፣ ዴሲ አስቀድሞ ጽፎላት የነበረ ደብዳቤ መድረክ ላይ ተነበበ። ሁለቱም ሌላ አግብተው ኖረዋል፤ ግን እስከ መጨረሻው ይደዋወሉ ነበር። ሉሲል ኤፕሪል 26 ቀን 1989 በ77 ዓመቷ አረፈች።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ለቤተሰቡ ተረክሁላቸው። ልጄ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ያ ጎረቤት ልጅስ ምን ሆነ?" አለችኝ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደሞተ ነገርኳት። ባለቤቴ ስለ ሞግዚቶቹ የተናገርኩትን ይዛ "አየህ?" አለች። እናቴ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ "ሽማግሌው ግን ባይወስዷት ኖሮ..." ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ፍንጃሉን አነሳች።

ከዚያ ውሉን አውጥተን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ዘንድሮ አንድም ቃል ሳይቀር ጮክ ብላ ያነበበችልን ልጄ ራሷ ናት። ስድስት ገጽ ነው። ቀረጻው ከፈተናው በኋላ እንዲሆን እንጠይቃለን ተባባልን፤ ባለቤቴ ይህን በእጅ ጽሑፏ ዳር ላይ አሰፈረች። ክፍያውን የሚናገረው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ መጥፎ አይደለም። አራተኛው ገጽ ላይ "ያለ ገደብ" የሚል ቃል አገኘን። ልጄ እስክሪብቶ አንስታ ከበበችበትና ጎኑ ላይ "ስንት ዓመት?" ብላ ጻፈች። ድራማው በሌላ ጣቢያ ወይም በሌላ ቋንቋ ቢታይ ምን እንደሚሆን የሚናገር መስመር የለም፤ እሱንም ጻፍነው። ገንዘቡ በማን ስም እንደሚቀመጥ ሳንስማማ አመሸን። እኔ በስሟ ዝግ ሒሳብ አልኩ፤ እናቴ ሳጥኗን አሰበች መሰለኝ።

ቀጠሯችን ረቡዕ ከሰዓት ነው። አንለውጥም ካሉን ወረቀታችንን ይዘን እንመለሳለን፤ ልጄም ይህን አውቃ እሺ ብላለች፣ ፊቷ ጥቂት ቢጠቁርም። እናቴ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እሱንም ጻፉልኝ አለች። ቀረጻው ላይ ለአያት ወንበር ይኖር እንደሆነ።